ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩንባ

ሰኞ

ነፋሁት። ማንም ሳይሞት የእድሩን ጥሩንባ ነፋሁ! ምን ላድርግ? ቀበሌው ምንጫችንን ለመኪና ማጠቢያ ለላቫጆ ሰጥቶ፣ ሠራተኞች አጥር ሊያጥሩ ቆርቆሮ ማውረድ ጀምረዋል። የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ቶሌራ «ሰው ጥራ» አሉኝ። በየቤቱ ልዙር? ወዲያው ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። «ማን ሞተ?» ይሉኛል እያለቀሱ። ምንጩን ሳሳያቸው ግማሹ ሰደበኝ፣ ግማሹ ሳቀ። ወደ ቤቱ የተመለሰ ግን የለም፤ ምንጩን ከበው ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ቆርቆሯቸውን ጭነው ሄዱ። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ

የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ቶሌራን አስጠርቶ «ያለ ፈቃድ ሕዝብ የሰበሰበውን ሰው ስም ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ አምጡ» ብሏቸዋል። ጉድ እኮ ነው! ራሱ የእድራችን አባል ነው። አምና አባቱ ሲሞቱ የነፋሁለት እኔ ነኝ። ስሜ ጠፍቶት አይደለም፤ እድሩ በገዛ እጁ እንዲያስረክበኝ ፈልጎ ነው። ባለቤቴ ሰአዳ ጋቢዬን አጥፋ ዘንቢል ውስጥ ከተተች። ምነው? አልኳት። «ጣቢያ ይበርዳል» አለች።

ረቡዕ

እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ «ይቅርታ ይጠይቅና ነገሩ ይብቃ» አለ። ሌላው መሬት መሬቱን ያያል። በከተማችን በመቱ ዝናብ ስንት ዓመት ጥሩንባ ይዤ የዞርኩላቸው ሰዎች! ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በምርኩዝ ተነሱ። «ይማም፣ ስምህን አንሰጥም። ግን አጥፍተሃል። ነገ እኔ ስሞት ማን ያምንሃል?»

በመጨረሻ «ያስነፋው እድሩ ነው» ተብሎ በኦሮምኛ ተጻፈ። ሁሉም ፈረመ፣ ያ ይቅርታ ይጠይቅ ያለውም ጭምር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቀሪ ተብሎ ተመዘገበ።

ሐሙስ

ኦቦ ቶሌራ «ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ» ብለውኝ ደብዳቤውን ይዘው በጠዋት ሄዱ። ስምንት ሰዓት፣ የሉም። አሥር ሰዓት፣ የሉም። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ዘንቢሉን አያለሁ። አሥራ አንድ ላይ መጡ። «አነበበው፣ ኪሱ ከተተው፣ ምንም አላለም።» ምንም አለማለት ምን ማለት ነው?

ዓርብ

ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ሰአዳ ዘንቢሉን አነሳች። ከፈትኩ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣ ብቻውን፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ጋሼ፣ እማዬ አረፈች። ይንፉልኝ።» ስለ ደብዳቤው አላነሳም። ጥሩንባዬን እያየ «ሰዎቹ ይመጡ ይሆን?» አለኝ። ምን ልበለው? በእኔ ውሸት፣ በእሱ ላይ ባላቸው ቂም፣ በሁለቱም ሊቀሩ ይችላሉ።

ነፋሁ። አንድም በር አልተከፈተም። ደግሜ ነፋሁ። የእትዬ አስካለ በር ተከፈተ። «ይማም፣ የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው፣ እትዬ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ከዚያ ሌላ በር፣ ሌላ በር።

ይህን የምጽፈው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው። ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ለለቀስተኛው ውኃ ከምንጩ ቀድተው በጀሪካን እየተመላለሱ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አያቸው፤ ተነሥቶ የአንዷን ጀሪካን ተቀበላት።