ሐሙስ ይምጡ

ጥር 7 ቀን 2010
ገበያ ደርሼ ተመለስኩ። ቲማቲም ተወዷል። ዓብዱላሂ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝና፣ "ልብስዎ አልደረሰም፤ ሐሙስ ይምጡ" አለኝ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ ደንበኛ መስዬው ነው። አርባ ዓመት "አንቺ" ሲለኝ የኖረ ባሌ "እርስዎ" አለኝ! ምን ልበል? እሺ አልኩት።

ጥር 9
ዛሬ ተመለሰልኝ። ሻሼን ሳስር፣ "መምህርት፣ ዛሬም ረፈደብሽ" ብሎ ሳቀ። ሳንጋባ ጀምሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁም አልተወውም። ስልኬን ፈለግኩ፣ መክፈቻውን በጣቴ ሳልኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ሳልኩ፣ የካሜራዋን ምልክት ፈለግኩ... ቀና ስል ሳቁ የለም። "ምን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ልጃችን ኢክራም ከጅማ በደወለች ቁጥር፣ "ኡሚ፣ አባ ሲስቅ አንድ ፎቶ ብቻ... ሳቁ እየጠፋብኝ ነው" ትላለች። እኔስ? አጠገቡ ሆኜ እየጠፋብኝ አይደል?

ጥር 14
ሸዋ በር፣ ስልክ ጠጋኙ ጀይላን ዘንድ። ተማሪዬ ነበር። "ቲቸር፣ ለምን ይቸገራሉ? ይቺን የጎኑን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ይጫኑ። ስልኩ ቢቆለፍም ካሜራው ይከፈታል። ከዚያ የድምፁን ቁልፍ አንዴ። አለቀ!" አስተካከለልኝ። ባጃጅ ውስጥ ስለማመድ የሾፌሩን ጀርባ ስምንቴ አነሳሁ።

ጥር 20
ሁለቴ፣ አንዴ። ሁለቴ፣ አንዴ። ሳላይም እችላለሁ። እሱ ግን አልመጣም።

የካቲት 2
ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ "እርስዎ"። ያ አላህ፣ ሙሉ ቀን አልጠየቅኩም... ሦስት ሴኮንድ። ደክሞኛል። አንዳንዴ ጭራሽ ባይመለስ ይሻላል እላለሁ። አስተግፊሩላህ።

የካቲት 5
ጎረቤቴ ሙና መጣች። በስልኬ፣ ካሜራውን ወደ ራሳችን አዙራ፣ ጉንጭ ለጉንጭ አነሳችን። "ሳቂ እንጂ!" አለችኝ። አልመጣልኝም።

የካቲት 6
መጣ! ሸሚዙን ስቆልፍለት እጄን ያዘና፣ "መምህርት፣ ይሄን ቁልፍ እንዲህ አጣሞ የተከለው ማነው?"
"ራስህ ነሃ!"
ሳቀ። እንደ ድሮው፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ሁለቴ ተጫንኩ፣ አንዴ ተጫንኩ። ቀጭ አለ።

ከዚያ ስልኩን አየሁ። እኔ ነኝ። ብቻዬን፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ። ሙና ያዞረችው ካሜራ እንደዞረ ነበር... እንዴት አላየሁም? እጄን በቆረጠው!

መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎንበስ ብሎ፣ "ልብሱ ጠበበዎት? አይዞዎት፣ እናሰፋዋለን" አለኝ።

የካቲት 7
ኢክራም ደወለች። ምንም አልነገርኳት።

መጋቢት 20
"መምህርት" ካለኝ ስድስት ሳምንት አለፈ። ሐኪሙም ከእንግዲህ ብዙ አይጠብቁ ብሎኛል። ስልኩን መያዝ ትቻለሁ። ለምኑ?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያንን ፎቶ ላጠፋ አወጣሁት። ከእጄ ወሰደው። ብዙ አየው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።
"መምህርት" አለ።
"አቤት!" አልኩ። ቀና ብሎ አላየኝም።
"ባለቤቴ ናት። ያውቋታል?"
"አውቃታለሁ።"
"ሳቋን አዩት? እንዲህ ነው የምትስቀው... ወዴት ሄዳ ነው? መቼ ነው የምትመጣው?"
ፊት ለፊቱ ነኝ እኮ። ጉልበታችን ይነካካል።
"ሐሙስ ትመጣለች" አልኩት።