ጓዳው በር ላይ የቀረው ባዶ መስመር

አባዬ፣

በእማዬ ቆጠራ ከተለየኸን ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላህ። በእኔ ቆጠራ ግን ገና ስምንት ቀን ይቀርሃል። እንዲህ የሚያቅበዘብዙኝ እነዚህ ስምንት ቀኖች ናቸው። አንተ ካረፍክ በኋላ እኔ ናይሮቢ ላይ ራኬቴን ይዤ "አባዬ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?" እያልኩ የሰነበትኩባቸው ቀኖች። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ከተቀመጥኩ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ ውኃ ልጠጣ፣ አንዴ ዝናቡን ላይ፣ አንዴ ደግሞ በምንም ምክንያት። ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። "የዚች ልጅ እግር ውስጥ ምን ገብቷል?" ትል የነበርከው አንተው ነህ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሰኔ ላይ ዝናቡ በሳሎኑ ጣሪያ ገብቶ ግድግዳውን ስላበላሸው የእማዬ ወንድም አጎቴ ሙሉ ሠራተኛ አምጥቶ አስመረገው፤ ከዚያም ተቀባ። ቀለሙን የመረጠችው እማዬ ናት፤ ነጣ ያለ ሰማያዊ። ብታየው "ቤቴን ክሊኒክ አስመሰላችሁት" ማለትህ አይቀርም። ካፖርትህ አሁንም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ቀለም ቀቢው ጓዳው በር ጋ ሲደርስ ግን እማዬ በሩን ተደግፋ ቆመች አሉ። "ይህን አትነካም" ብላ ብሩሹን አስወረደችው።

በሩን መንካት እንዴት ይቻላል? የስፖርት መምህር ነበርክና ከካፖርትህ ኪስ ጠመኔ አይጠፋም። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የተጫወትኩትን ግጥሚያ ሁሉ ውጤቱን በዚያ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ትጽፍ ነበር። ያሸነፍኩትንም የተሸነፍኩትንም በአንድ ዓይነት ጽሕፈት። ሽንፈቶቼን እንድታጠፋልኝ ስለምንህ "እነሱን ካጠፋሁ እኮ ማን እንደሆንሽ በምን አውቃለሁ?" አልከኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን ሳላናግርህ ቀረሁ።

መጀመሪያ ያስተማርከኝ ቦታ እኮ የቴኒስ ሜዳ አልነበረም፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ አሮጌ የሲሚንቶ የመረብ ኳስ ሜዳ ነበር። መረቡን ከቃጫ ገመድ አንተው ሠራኸው። አጨዋወቱን የተማርከው አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶልህ ከሄደው ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ነው፤ እሱንም መዝገበ ቃላት እያገላበጥክ። ሲሚንቶው ወደ ቦዩ በኩል ያዘነብላል። ኳስ ሁሉ ነጥሮ ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የዓለም ሜዳ ሁሉ እንደዚያ መሰለኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ዓባይን አሻግረህ አዲስ አበባ ለአሠልጣኝ ልታሳየኝ ስትወስደኝ፣ ኳሷን በግራ በኩል ስጠብቅ እሷ በቀኜ ታልፋለች። እንደገና እጠብቃለሁ፣ እንደገና ታልፋለች። እዚያ የሚሠለጥኑት ልጃገረዶች ሳቁብኝ፤ ከሁሉም አብልጠህ የሳቅከው ግን አንተ ነህ። ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ወደ ጋሽ ተስፋ ዞረህ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ ያሳየኋትን ነው የምትጫወተው" አልከው። ጋሽ ተስፋ ለዚህ ንግግርህ ሲል እንደተቀበለኝ እስካሁን ይነግረኛል።

ከዚያ በኋላ እኔ ጋሽ ተስፋ ቤት ቀረሁ፤ ኑሯችን በስልክ ሆነ። ግጥሚያ በዋልኩበት ምሽት ትደውላለህ፤ ሰላምታ የለ፣ ደኅና ዋልሽ የለ፣ የመጀመሪያ ቃልህ "ስንት ለስንት?" ነው። ስነግርህ ጠመኔው በሩ ላይ ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኅዳር ላይ ናይሮቢ ስሄድ የመጀመሪያዬ የባለሙያዎች ውድድር ነበር። ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ማጣሪያ አልፌ ወደ ዋናው ውድድር ገባሁ። ደወልክ፣ "ስንት ለስንት?" አልክ፣ ነገርኩህ፣ ጠመኔው ተንቋቋ። "አሁን ብዪና ተኚ" ብለህ ዘጋኸው። ይኸው ነው አባዬ። የመጨረሻው ቃልህ ስለ እራትና ስለ እንቅልፍ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ የጫማህን ክር ስታስር ጎንበስ እንዳልክ ቀረህ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ ዕለት ስልክህን ያነሣችው እማዬ ነበረች። "ለጉልበቱ ጠበል ገብቷል፤ እዚያ ስልክ አይያዝም፤ ሳምንት ይቆያል" አለችኝ። አመንኳት። ጉልበትህን ስታማርር ስለኖርክ ለምን አላምን? እንዲያውም "ድኖ ሲመጣ አብሮኝ ይሮጣል በይልኝ" ብዬ ቀልጃለሁ።

ቀብርህ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። በዚያች ዘጠኝ ሰዓት እኔ ሜዳ ገባሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም፤ እግሬ ቀላል ነበር፣ ኳሷ ትልቅ ሆና ትታየኝ ነበር። አሸነፍኩ። በዓለም ደረጃ የሚቆጠርልኝን የመጀመሪያ ነጥብ ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው። ያልከኝን ሁሉ ያደረግኩበት ቀን ማለት ነው። ልብሴን ሳልቀይር ቤት ደወልኩና "እማዬ አሸነፍኩ! አገልጋይ ወደ ጠበሉ ላኪና ለአባዬ ይንገሩልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። እማዬ "እነግረዋለሁ ልጄ" አለች። በስልኩ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። "ምነው ጸጥ አለ፣ የት ነሽ?" ብላት "ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። ድንኳን ውስጥ ነበረች። ስልኳ ሲጮህ አጎቴ ሙሉ እጁን ሲያነሣ፣ ከሮብ ገበያም ከደብረ ኤልያስም የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ አልቃሿ ሳትቀር፣ እኔ እንዳልሰማ ትንፋሹን ዋጠ። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ የእኔን የደስታ ጩኸት ሰማ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ተነሥቼ መሄድ ነው የሚያምረኝ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ውድድር ተሸንፌ ማክሰኞ አዲስ አበባ ገባሁ። ረቡዕ ማለዳ ገና ወገግ ሲል የጋሽ ተስፋ ቤት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አጎቴ ሙሉ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ከጎኑ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው ጎረቤቶች ቆመዋል። እኔ ሞኟ እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝና "ለአንዲት ነጥብ ይህን ሁሉ መንገድ?" ብዬ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ስንቱን ስታረዳ የኖርክ ሰው ነህ።

አርባህ ካለፈ በኋላ ወደ ልምምድ ተመለስኩ፤ ግን እኔ እኔ አልነበርኩም። ሦስት ውድድር ገባሁ፣ በሦስቱም በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፍኩ። ክንዴ ደኅና ነው፣ እግሬም ደኅና ነው። ኳስ ሳነሣ ግን "አሁን ማን ሞቶ ይሆን?" እላለሁ። ቤት ደውዬ "ሁላችንም ደኅና ነን" ሲሉኝ ይባስ ልቤ ይዘላል፤ ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነዋ! በሦስተኛው ላይ አላስችል ብሎኝ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብዬ ዳኛውን አስፈቅጄ ወጣሁና ለእማዬ ደወልኩ። ደኅና ነኝ ብትለኝ አላመንኳትም፤ አጎቴን አቅርቢልኝ አልኳት፣ አቀረበችልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩን አልኳት፣ እሷንም ጠራችልኝ። እትዬ ጥሩ "ኧረ ቆሜአለሁ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። በግጥሚያ መካከል ስልክ ክልክል ስለሆነ አባረረኝ። ጋሽ ተስፋ አልተቆጣኝም፤ "እስኪ አገርሽ ሂጂና ከእናትሽ ጋር ተነጋግረሽ ነይ" ብቻ ነው ያለኝ።

መጣሁና ከእማዬ ጋር ተጣላሁ። አልደብቅህም፣ ክፉ ቃል ተናግሬአታለሁ። "አባቴን እኔ ሳልኖር ቀብራችሁ፣ ለስምንት ቀን አሞኛችሁኝ" አልኳት። እሷ አልጮኸችም። "በሰው አገር፣ በባዶ ክፍል፣ በስልክ ላርዳሽ ኖሯል? ስትወድቂ ማን ይይዝሽ ነበር?" አለችኝ። ንዴቴ ግን አልወጣም። እውነቷን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው፣ ምን ይደረግ?

ሐምሌ ላይ ናይሮቢ የሚደረገው ውድድር ደረሰ። ምንም ነገር ቢሆን በዚያው ቀን እንደምትነግረኝ ካልማለችልኝ አልሄድም አልኳት። "ልጄን በስልክ አላረዳም" አለች። ከዚያ በኋላ ቦርሳዬ ሳይታሰር ሦስት ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። ካልሄድኩ ቴኒስ እዚያው ላይ ማብቃቱን ሁለታችንም እናውቃለን። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ሳትል "ይዞሽ የሚቆም ሰው ካለ እነግርሻለሁ" አለችኝ። በዚህኛው ጉዞ አብሮኝ ለሚሄደው ለጋሽ ተስፋም ደውላ አስማለችው፤ ክፉ ወሬ ካለ መጀመሪያ ለእሱ ትደውላለች፣ እሱ ትከሻዬን ይይዛል፣ ከዚያ ለእኔ ትናገራለች።

ታዲያ አባዬ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግጥሚያዬ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጋሽ ተስፋ ስልኩን እንደያዘ መጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ለእሱም ምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ "ያዝልኝ" ብቻ ነው ያለችው። ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ልጄ፣ ይዞሻል?" አለች እማዬ። "ይዞኛል።" "እንግዲህ ቻል አድርጊው። ቦራ ሞተች።"

ላማችን! ጥጃ ሆና አንተ ያመጣሃት ቦራ፣ እርጥብ ሣር በልታ ተነፍታ ሞተች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ። ለቦራ ጀምሬ አንተ ጋ ደረስኩ። በመርዶህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ያኔ ደንዝዤ ነበር። እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ በዚያኛው ጫፍ አብራኝ አለቀሰች፣ ጋሽ ተስፋም ላም ለምታህል ነገር ዐይኑ ቀላ። ስንጨርስ "ሌላ ምንም የለም፤ ይኸው ነው፤ አሁን ሂጂና ተጫወቺ" አለችኝ።

ሌላ ምንም እንደሌለ አመንኩ። ከኅዳር ወዲህ ያመንኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ሜዳ ገብቼ አንድ ጊዜ እንኳ ስልኬ ወዳለበት ቦርሳ አልተመለከትኩም። ሁለተኛ ነጥቤን አገኘሁ። በማግስቱ ተሸነፍኩ፤ ግን በቴኒስ ነው የተሸነፍኩት፣ በሌላ አይደለም።

ትናንት ቤት ገብቼ የጓዳውን በር ሳይ እማዬ ጽፋበታለች። አንድም ቀን ጨዋታ አይታ የማታውቀው እማዬ፣ ውጤቶቼን ከጋሽ ተስፋ በስልክ ጠይቃ በጠማማ ቁጥሮቿ ደርድራቸዋለች። ሦስቱን ሽንፈቶች ሳይቀር፤ ከሦስተኛው አጠገብ "ተባረረች" ይላል። ከአንተ የሰኞ ውጤት ቀጥሎ ግን አንድ መስመር ያህል ባዶ ትታለች። ለምን እንደዘለለችው አልጠየቅኋትም። የዚያን ረቡዕ ውጤት የነገርኳት ለአንተ እንድታደርስልኝ ነበር፤ ማድረስ አልቻለችም።

አሁን ተነሥቼ ከካፖርትህ ኪስ ጠመኔውን አወጣሁ። ሩቡ ያህል ቀርቷል። ቃሌ ይህ ነው አባዬ፤ በተጫወትኩበት ቀን ምሽት፣ ባሸንፍም ብሸነፍም፣ የትም ብሆን እደውላለሁ፣ እማዬም ከሰላምታ በፊት "ስንት ለስንት?" ትለኛለች። ተስማምተናል። ጠመኔው ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፤ በሩ ሲሞላ ሰማያዊው ግድግዳ አለ። ከእንግዲህ የአንተም ወሬ አይቆይብህም።

ባዶው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ። ስድስት ለሦስት፣ ስድስት ለአራት። አሸንፌ ነበር አባዬ። በዚያው ቀን ልነግርህ ደውዬም ነበር።

ልጅህ ትርንጎ