የካቦ ቀልድ

ሰኞ

ዛሬም አንድም ሰው ሐሳቡን አልተናገረም። ጠዋት የመንገድ ጥገና ሠራተኞቹን ሊማሊሞ መታጠፊያው ላይ ሰብስቤ "ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን በላይ በኩል እንቆፍራለን። ምን ትላላችሁ?" አልኩ።

"ደግ ነው፣ ካቦ" አሉ ባንድ አፍ። ቅዳሴ የሚቀበሉ ይመስላሉ።

እንዳይከብዳቸው ብዬ ከሁሉ ታናሽ በሆነው በአለሙ ላይ ቀለድኩ። "አለሙ ሲይዘው ዶማውም እንቅልፍ ይወስደዋል!" ሁሉም ሳቁ። አለሙም ሳቀ፣ ግን ቀና አላለም።

ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ካቦ ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ነው። የዳባትን መንገድ አብረን ከጠገንንበት ጊዜ ጀምሮ ካንድ አገልግል የበላነው ታከለ እንኳ ከእነሱ ጋር ነው።

ማክሰኞ

ፊደል የለየሁት ያለ የኔታ ነው። ሰው መምራትም እንዲሁ የሚለመድ መስሎኝ ነበር። ለነገ ያሰብኩት፦ ባጭሩ መናገር። ሥራውን በየስማቸው ማደል። ቀልድ መጨመር።

ቀልዶቹን በድመቴ ላይ ሞከርኳቸው። ተነሥታ ወጣች።

ረቡዕ

ቀልድ ጨመርኩ። የባሰ ዝም አሉ።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ውሃው በላይ በኩል ያስቆፈርኩትን ቦይ ትቶ መታጠፊያው ላይ ባለው የወይራ ዛፍ በኩል መጣና የካብነውን ድንጋይ ጠርጎት ወረደ። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱ መኪኖች እስኪመሽ ቆሙ። የሾፌሮቹን ስድብ አልጽፈውም፤ አንዱ ግን ባለሙያ ነበር።

ድንጋይ ስናነሣ አለሙ ጓደኛውን "በዚያ እንደሚመጣ አውቅ ነበር እኮ" ሲለው ሰማሁ። እያወቀ!

ሐሙስ

ታከለን ወደ ደባርቅ ስንመለስ ያዝኩት። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እርስዎ አስቀድመው ወስነው..."

"እኔን ነው አንቱ የምትለኝ፣ ታከለ?"

እርምጃውን ቀነሰ። "ድሮ ስትቀልድብን እንመልስልህ ነበር" አለ። "አሁን ማን ይመልስልህ? የምትቀጥር አንተ፣ የምታባርር አንተ። አለሙ ሰኞ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን 'ሊያባርሩኝ ነው' ብሏታል።"

በዚህም አላበቃም። "ደግሞስ ባገራችን ሽምግልና ሲቀመጡ ታላቁ ነው የሚጀምረው? ታናሹ ይከፍታል፣ ታላቁ ይዘጋል። አንተ ትከፍታለህ፣ አንተው ትዘጋለህ።"

አባቴ በደረስጌ ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ ስንቴ አይቻለሁ! ሁሉም እስኪናገር አገጩን በዱላው ደግፎ ዝም ይል ነበር።

እራት አልበላሁም። ቤቱ ሰፋብኝ።

ዓርብ

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። "ዛሬ አለሙ ይክፈት፣ እኔ እዘጋለሁ" ብዬ አፌን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት፤ ድንጋይ መዋጥ ይሻላል።

አለሙ መሬት መሬት እያየ "ቦዩ... ከወይራው ሥር ቢሆን" አለ። አንዱ አይሆንም አለው፣ ሌላው ደገፈው፣ ታከለ ሁለቱንም ገሠጸ። ተጨቃጨቁ! እኔ በመጨረሻ "እንደ አለሙ ይሁን" ብዬ ዘጋሁ። ቀጥዬም "ከዛሬ ጀምሮ የቀለድኩበት ሰው ሳይመልስልኝ እንዳይሄድ" አልኩ።

አለሙ ታከለን አየ፣ ከዚያ እኔን። "እንግዲያውስ ካቦ፣ የእኔ ዶማ ቢተኛም ያውቀኛል። የእርስዎ ዶማ ግን መልክዎን ረስቶታል።"

ሁሉም ፊቴን አዩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እነሱም ዘግየት ብለው ሳቁ።

ለምሳ እንደ ወትሮው ለብቻቸው ተሰበሰቡ። ግን ታከለ አጠገብ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ባዶዋን ነበረች። ለእኔ ትሁን አትሁን አልጠየቅሁም። አገልግሌን ይዤ ሄድኩና ተቀመጥኩባት።