በጉደር ወንዝ ዳር የተወለወለው ጫማዬ

እሑድ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፤ አምቦ

ዛሬ ጉደር ደርሼ ተመለስኩ። ያሳደግኋት የልጅ ልጄ ሰላማዊት ልታገባው የምትሻው መምህር የዚያ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ልጁን ሳላየው እሺ አልልም ብያለሁ።

የተቀበሉኝ አጎቱ ኦቦ ጉታ ናቸው። ገበያውን አዞሩኝ፤ የድሮውን ድልድይ አሳዩኝ። ከተማዋ ከጠበቅሁት በላይ ንጹሕ ናት፤ ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

«ልጁስ የት አለ?» አልኩ።

«ሽማግሌ ሳይልክ አማቶቹ ፊት እንዴት ይቆማል? ነውር ነው እኮ፣ አዴ ብርሃኔ!»

«ታዲያ ድልድዩን ልድር ነው የመጣሁት?»

ከት ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ፏፏቴው ወዳለበት መናፈሻ ወረድን። የሚረጨው ውኃ መንገዱን ስላጨቀየው ጫማዬ ተበላሸ። ከዛፍ ሥር አውልቄው እግሬን ወንዙ ውስጥ ነከርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ተንቦጫረቅሁ። ስመለስ ጫማዬ ተወልውሎ፣ ጎን ለጎን ተስተካክሎ፣ ለመልበስ እንዲመቸኝ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ ጠበቀኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ልክ እንደዚያ ነበር የምናስቀምጠው። ማንም አይታይም፤ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ብቻ ይነቃነቃል።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

ኦቦ ጉታ ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ «እኔ ምን አይቼ!» አሉ።

ማታ ሰላማዊት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አዩት፣ እማማ?»

«አላየሁትም።»

ፊቷ ጠቆረ።

«ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ስላት ግን ጮኻ አቀፈችኝ።

የግራ ጫማዬ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጭቃ ቀርታለች። ይህን ግን ለልጁ ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ።