ለአየነው የሚሆን ቁምጣ

በቆጂ፣ ኅዳር 24 ቀን 1978

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወልደአማኑኤል፤ እንደምን ከርመዋል? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

ባለቤቴ ሣህሌ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርነት ተወዳድሮ ነበር። በሠርጉ ዕለት እንኳ ድምፁ ያልተሰማ ሰው፣ በየደጁ እየዞረ «እኔን ምረጡኝ» ሲል ሰነበተ። አምና ልጆቻቸው በነበረው ሊቀመንበር ተመልምለው ለጦር ሥልጠና ተወስደው የቀሩባቸው አራት አባቶች እጃቸውን አወጡለት። ሌላው ሰው ፈራ መሰለኝ፣ የድሮው ሊቀመንበር አሸነፈ። በማግስቱ በደጃችን ሲያልፍ ቆመና እየሳቀ «ልጅሽ አየነው ስንት ዓመት ሞላው?» አለኝ።

«አሥራ አራት» አልኩት።

አየነውም እጅ ይነሳዎታል። በቁመት እርስዎን አልፏል፤ ጢሙን እኔው እላጭለታለሁ። ለገና የሚልኩለት ሱሪ ግን ቁምጣ ይሁን። ብርዱን ይችለዋል።

እህትዎ ፋናዬ