እባብ በሌለበት ቤት

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ፈሪው ባለቤቴ፣

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ በሕይወት አለሁ። ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምተህ ድንብርብርህ ከሚወጣ ከእኔው ስማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ሥራዬን ለቀቅኩ። አይ፣ ለቀቅኩ ብዬስ አልዋሽህም፤ አስወጡኝ።

ምን ሆነ መሰለህ፣ ባለፈው ወር ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ወትሮዬ የደረቀውን የእባብ መርዝ ከሳህኑ ላይ እፍቃለሁ፤ ያንን ቢጫ ዱቄት ታውቀው የለ? ማስነጠስ ጀመረኝ። ጉንፋን ነው ብዬ መፋቄን ቀጠልኩ። ወዲያው ዓይኔ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ባልደረባዬ ጎትታ ባታወጣኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር። ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰውነቴ መርዙን ጠልቶታል፤ መነደፍም አያስፈልገኝም፣ ብናኙ ይበቃኛል። «ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል ዝር እንዳትዪ!» አለኝ። ልጄ የሚሆን ሐኪም እንደዚያ ሲቆጣኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ብታይ ደስ ይልህ ነበር።

እባብ ለማየት ድንጋይ ስፈነቅል ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል?» እያለ ሲጨነቅ አንተ መጣህ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣህ ቀን፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለችውን እባብ አይተህ ላብህን እየጠረግክ «ቆንጆ ናት» ያልከው ውሸት እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ምሁራኑ የረግረጉና የኮረብታው እባብ አንድ ነው ሲሉ፣ መርዛቸው ለየቅል መሆኑን ለማሳየት ስንት ዓመት ፈጀብኝ! በአንዱ መርዝ የተሠራ መድኃኒት በሌላው የተነደፈን ሰው አያድንም ብዬ ብጮህ የሚያምነኝ አልነበረም። ያኔ ጽሑፌን በታይፕ የመታህልኝ አንተ ነህ። «ነደፈው» የሚለው ጋ በደረስክ ቁጥር እግርህን ከወለሉ ታነሳ ነበር። ይኸው ዛሬ የኮረብታው ሰዎች በራሳቸው መድኃኒት ይድናሉ። የሁለታችን ሥራ ነው።

ሰው ግን እባብ ፈርተህ ጥለኸኝ የሄድክ ይመስለዋል። ያቺ ምንም የማታደርግ የቤት እባብ ከሣጥኗ አምልጣ ጫማህ ውስጥ ተኝታ፣ አንተ በአንድ እግር ጫማ መንገድ ላይ ስትዘል ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ የለ? ያንኑ ያወራሉ። ያንንማ ስቀህ አለፍከው። የሄድከው እኔ ተነድፌ ሆስፒታል ከተኛሁ በኋላ ነው። እጄን ይዘህ «እኔ አንቺን መቅበር አልችልም፤ ወይ እነሱ ወይ እኔ» አልክ። እኔም ፋሻው ሳይፈታ ወደ እነሱ ተመለስኩ። ዛሬም ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው፤ ሥራዬ ነዋ! ግን መልሴ ያው ነው ማለት አልናፈቅከኝም ማለት አይደለም።

ደግሞ ሥራ ስላጣሁ ትዝ ያልከኝ እንዳይመስልህ። እባቦቹ እያሉም ናፍቀኸኛል። አንዷን አንገቷን ይዤ መርዟን ሳልባት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመህ «ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ!» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቀስ በይ የሚለኝም፣ ቀስ የምልበትም ነገር የለም። ቤታችን ኮሪደር ላይ ያለው የእባብ መስታወት ሣጥን ባዶውን ሲያስጠላኝ ሽንኩርት አስቀመጥኩበት። ሙቀቱ ተስማምቶት ነው መሰለኝ አቆጥቁጧል።

ሰኞ ዕለት እህትህ ካንተ ዘንድ ሰንብታ እንደተመለሰች እኔ ጋ መጥታ ነበር። ስለ አንተ አልጠየቅኳትም፤ ታውቀኛለህ። ራሷ ጀመረችው። «ወንድሜን ምን እንደነካው እንጃ! ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ እግሩን አያስገባም። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይገባበታል ብሎ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩና እንባዬ መጣ። እሷ ትን ያለኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

አንተ ሰው፣ እባብ በሌለበት ቤት ጫማ የምታራግፈው ምን ልታገኝ ነው? እኔ እዚህ ነኝ እኮ።

ጤናህን ይጠብቅልኝ። ክፉ አይንካህ። ጉልበትህንም ያበርታልህ፤ የቤታችን ደረጃ እንደሆነ ያው ነው፣ አላጠረም።

ሚስትህ

ልረሳው ነበር፤ ትተኸው የሄድከው ቡናማ ጫማ አሁንም በሩ ሥር አለ። ዛሬ ጠዋት አንስቼ በደንብ አራገፍኩት። ምንም የለበትም።