ድምጿን ብቻ የሚያውቋት

ሰኔ 23፣ እሑድ ከሰዓት

ለናፍቆቴ፣ ለልጄ እናት፤

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እዚያ ሰው አገር የምትንከባከቢያቸው አሮጊት አሁንም አልጋ ላይ ሆነው ይቆጡሻል ወይስ ለመዱሽ? እኛ ደህና ነን። ፀጉር ቤቱም ደህና ነው፤ የሰው ፀጉር ማደጉን እስካላቆመ ድረስ ጦሜን አላድርም።

ባለፈው የላክሽው የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ነስቶኝ ሰነበተ። ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥተህ ክፍል ውስጥ ዘጋህባት አሉ፣ ይሄ ኦንላይን የምትሉት ነገር ምን ይጠቅማታል ብለሻል። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ እህትሽ ናት። ወሬ በማቀበል እሷን የሚቀድማት የለም። እውነቱን ግን ከእኔ ስሚው። በስልክ ከሆነ ቶሎ ስለምቆጣ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ምድጃው ፈንድቶ ፊቷን ካቃጠላት በኋላ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ነበር። ማንም አልሰደባትም፤ ይሄን እወቂልኝ። ስትገባ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ስትወጣ ወሬው ይቀጥላል፤ የጎዳት እሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ከዛሬ ጀምሮ አልሄድም አለችኝ። ምን ልበላት? ጎትቼ ልውሰዳት?

ኦንላይኑን ፈልጋ ያገኘችው ራሷ ናት። ጥቅሙን ጠይቀሽኝ የለ? መምህሩ ያስረዳው ተቀድቶ ስለሚቀመጥ ያልገባትን እስኪገባት ድረስ ደጋግማ ትሰማዋለች፤ እንደ ድሮው እጅ ማውጣት አፍራ የገባት መስላ አታልፍም። ሐኪም ቤት ውላ በምትመጣበት ቀን እንኳ ትምህርቱ ይጠብቃታል። ታክሲ ጥበቃ የለ፣ ግፊያ የለ፣ አፍጦ የሚያያት የለ። ሒሳብ ሲነሳ ትሸሽ የነበረችው ልጅሽ ዛሬ ሌሎቹን የምታስረዳ ሆናለች። ካሜራ መክፈት ግዴታ ስላልሆነ የክፍሏ ልጆች የሚያውቁት ድምጿን ብቻ ነው። «ራዲዮ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ራዲዮ፣ ይቺን እንዴት ነው የሠራሻት እያሉ ሲጠይቋት ከበሩ ውጪ ሆኜ እሰማለሁ። በተለይ አንዲት የልብ ጓደኛ አበጅታለች። ሁለቱ ሲስቁ ሦስት ክፍል የማትሞላ ቤታችን ሰርግ ቤት ትመስላለች።

እንግዲህ ጥቅም ካልሽ ይሄ ነው፤ አንዱንም አልጨመርኩበትም።

ሌላውንም አልደብቅሽም። ልጅሽ ከክፍሏ አትወጣም። ምሳ ደርሷል ብዬ ስጠራት «መጣሁ» ብላ በስልክ ትጽፍልኛለች፤ በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው። የቤቱን መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። መስታወት ፊት ቆሜ የምውል ሰው፣ ቤቴ ስገባ ጺሜን በዳበሳ እላጫለሁ። አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ያዳንኳት እየመሰለኝ ከነሕይወቷ ቀብሬያት እንደሆነስ እላለሁ።

የማጠቃለያው ፈተና ደግሞ በኦንላይን አይሰጥም። አዳራሽ ሄዶ፣ ፊት ገልጦ፣ ከፎቶ ጋር ተመሳክሮ ነው የሚገባው። እሱ ከቀረ የዓመት ልፋቷን ውኃ በላው ማለት ነው። አልሄድም ብላ ስታለቅስ ከረመች። እኔም አልገፋኋትም፤ ገፍቼ እስከ ጭራሹ ባጣትስ?

አንድ ከሰዓት፣ ደንበኛ ጭር ባለበት፣ ሻርፕ ተከናንባ ፀጉር ቤት መጣች። ለፈተናው መታወቂያ ፎቶ ጉንጯን የሚሸፍነው ፀጉር እንዲቆረጥላት ነው። በሩን ዘግቼ፣ ወንበሩን ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቼ አስቀመጥኳት። መቀስ ይዘሽ የልጅሽ ጆሮ አጠገብ ማልቀስ አይቻልም፤ ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ። ስጨርስ ግን እጅ ልማዱን መች ይረሳል? አንገቷን በብሩሽ ጠረግኩ፣ ፎጣውን አራገፍኩ፣ ከዚያ ወንበሩን አሽከርክሬ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት አጋጠምኳት። «እንዴት ነው፣ ተስማማዎት?» ብዬ ሁሉ ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ፀጉር ቆራጭ ብቻ ነው።

እሷ ግን ፊቷን አላዞረችም። ጠባሳውን ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ በጣቷ ተከተለችው።

«አባዬ፣ እኔ ከዚህ የባሰ ነበር የመሰለኝ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ለፈተናው ይዣት ሄድኩ። ሻርፕ አላደረገችም። የኦንላይን ተማሪዎቹ ከየአቅጣጫው እዚያው አዳራሽ ነው የተሰበሰቡት። በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ካርቶን ላይ «ራዲዮ» ብላ በትልቁ ጽፋ ቆማለች። ጓደኛዋ ናት። ልጅሽ አየቻትና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝና በአጠገቧ አለፈች። ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ጠባሳውን ስታይ ዓይኗን ቶሎ ሰበረች፤ ክፋት አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከዚያም ከኋላ የሚመጡትን መፈለጓን ቀጠለች።

ሁሉም ገብተው ሊያልቁ ሲሉ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ጋሼ፣ ራዲዮ የምትባል ልጅ አላዩልኝም? መልኳን እኔም አላውቀውም።»

«አላየሁም፣ ልጄ» አልኳት።

የወለድኳትን ልጅ አላየሁም አልኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የመናገር መብቱ የእሷ ነው ብዬ ነው እንዳልልሽ፣ ይሄን ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈርቼ ነው። የልጅቷ ፊት ሲለወጥ ማየት ፈራሁ።

ፈተናው ቀሎኛል ብላለች፤ ታልፋለች፣ አትስጊ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጓደኛዋ የት ጠፋሽ ብላ ጻፈችላት። ሌላ አዳራሽ ደርሶኝ ነው ብላ መለሰችላት። ስልኳን ኪሷ ከታ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን አየች።

አሁን ይሄን ስጽፍልሽ ሁለቱ ያወራሉ። ልጅሽ የሆነ ነገር ተናግራ ያቺኛዋን በሳቅ እያፈረሰቻት ነው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ከበሩ ውጪ ተቀምጬ ራዲዮ እሰማለሁ።

እጅሽ የነካው ይባረክ። ያለሽባቸው ሰዎች ልባቸው ይራራልሽ። ከባድ ነገር ብቻሽን አታንሺ፣ ወገብሽን ከብርድ ጠብቂ። ሳንጎድል በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘን።

ያንቺው
የልጅሽ አባት

ይቺን ረስቼ ነበር። ስትደውዪላት ፊትሽን አሳዪኝ ስትያት ኔትወርኩ እምቢ አለ ትልሻለች፤ አንቺም እሺ ብለሽ ታልፊያታለሽ። ኔትወርኩ ደህና ነው።